ከላይ ጎመን፣ ከታች ዶሮ

ወገቤ የከዳኝ በመስከረም ማግሥት፣
ቆስጣ ስኮተኩት ነው፣ በማለዳ ሰዓት።
ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ፣ ቀና ማለት ጠፋኝ፤
ባለቤቴ ጌጤነሽ እንደ ታጠፈ ወንበር ደግፋ አስገባችኝ።

ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮት አንሥቶ፣
የጀርባዬን አጥንት በእስክሪብቶ ነክቶ፣
«ሥራህ ምን ነበረ?» «ብርድ ልብስ ፋብሪካ፤
ብሎን ሳጠብቅ ኖርኩ፣ የኔው ሲላላ ለካ!»
«እንግዲህ ጎንበስ ቀና የለም» ብሎ ፈረመ።
አፌ እሺ አለና ልቤ አጉረመረመ፦
እኔ ወደ መሬት መውረዱ ካቃተኝ፣
ምናለ መሬቷ ተነሥታ ብትመጣልኝ?

ክንዴን ዘረጋሁ፤ ከመሬት እስከ ዳሌ ክንድ ተኩል ሆነ።
አራቱን የባሕር ዛፍ እግር የተቃጠለ ዘይት ነከርኩት፤ ጠጥቶ ጀነነ።
ከሱቅ ደጅ የወዳደቀ የሣጥን እንጨት ለምኜ፣
የጎበጠ ምስማር አቃናሁ፣ ራሴ ጎባጣ ሆኜ።
ወለሉን በብርድ ልብስ ሸፈንኩ፣ ግራጫ፣ ጠርዙ ቀይ፣
ለጡረታዬ የሰጡኝ ነው፤ ውኃ ያሳልፋል፣ አፈር ግን አይለቅም፣ አያችሁ ወይ?
ጥቁር አፈር ሁለት እጅ፣ የበግ በጠጥ አንድ እጅ፣
አመድ በጭብጥ ብቻ፤ ሲበዛ ያቃጥላል እንጂ።

ጎረቤቴ በለጥሻቸው በአጥር ብቅ ብላ፣
«አልጋ ከነብርድ ልብሱ! ጎመኑ ታሟል? እንጠይቀው?» አለች፣ በሳቅ ተንከባላ።

ኅዳር ገባ። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ታውቁት የለ?
ሌሊት ኮቴ የለው፤ ጠዋት ግን ያገኘውን ሁሉ ነጭ አልብሶ ገደለ።
ሰላጣዬን እንደ ተቀቀለ ቅጠል ተኝቶ አገኘሁት፤
አልጋው ከፍ ሲል ብርዱ ከታችም ይገባል፤ ይህን አላሰብኩት።
«ሰማይ አስጠጋሃት» አለች ያችው ሴት፣ «ውርጩ ቀድሞ ደረሳት።»
ዝም አልኩ። እውነቷን ነበር። ለእውነት ምን ይመልሱላት?

ዶሮዎቼ ሦስት ናቸው፦ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ፤
አራተኛዋን ሸለምጥማጥ ወስዷታል፣ ባለፈው ክረምት፣ በጨለማ።
ቆጣቸው ማድቤት ጥግ ነው፣ ከበርሜሉ በላይ፤
አንድ ማታ በሩ ሳይዘጋ አደረ፣ እኔም ሳላይ።
ጎህ ሲቀድ ቆጡ ባዶ። ዱላ ይዤ ዞርኩ ጓሮውን፤
ለካ ከአልጋው ሥር ተጠጋግተው ተኝተዋል፣ አንገታቸውን
በክንፍ ውስጥ ቀብረው። ዱላዬን ጣልኩ። ከዚያ ቀና ስል፣
(ቀና ስል! ወገቤ ፈቅዶልኝ) ከላይ ያለውን ሳስተውል፣
ዳር ዳሩ ነጭ፣ አመዳይ የለበሰ፤ መሐሉ ግን አረንጓዴ፣
ልክ እነሱ በተኙበት ስፋት፣ የሰፌድ ያህል። አንዴ
ጣቴን ሰደድኩበት፣ አፈሩ ለብ ያለ መሰለኝ።
ይሁን አይሁን ለተማረ እተወዋለሁ፤ እኔን ጎመኑ አሳመነኝ።

በማግሥቱ የአልጋውን ግርጌ በወንፊት ሽቦ አጠርኩ፣
ሸለምጥማጥ እንዳይቆፍር ዙሪያውን ድንጋይ ቀበርኩ፤
ለበሩ ማጠፊያ የጎማ ቁራጭ፣ ለመቀርቀሪያ የማንኪያ እጀታ፤
ጭዱ ሲቆሽሽ ይጠረጋል፣ ሌላ ይነጠፋል በቦታው ማታ።
ከላይ ጎመን፣ ከታች ዶሮ፤ የተረፈው ቅጠል ይወርዳል፣
ኩሳቸው ከጭዱ ጋር ከርሞ፣ በስሎ፣ ተመልሶ ይወጣል፤
እኔ ቆሜ፣ ሳላጎነብስ፣ እጄ እስከ ክርን አፈር ገብቷል።

የገና ሳምንት በለጥሻቸው መጣች፣ በአጥር ሳይሆን በበር፤
«ክንድህን አውሰኝ» አለች፤ በእጇ የገመድ ቁራጭ ነበር።
ተራዬ ደረሰ ብዬ ሳቄን አፌ ላይ አደረስኩት፤
ግን ደፉን ስትሻገር አየኋት፣ አንድ እጇ ከወገቧ፣ ጥርሷን ነክሳ። መለስኩት።
«የኔ ክንድ» አልኳት፣ «ለኔ ወገብ ነው የተለካ፤
ነይ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ እጅሽን ጣይው፤ ካረፈበት እንጀምር በቃ።»
ገመዱን ከዳሌዋ አንጠለጠልኩት፤ አጠር ትላለች፣
አንድ ክንድ ከስንዝር። ቋጠርኩላት። ገብስማ ከሥር አስካካች።